የካፒቴን ዴልማስ የበረዶ ሳጥን

ዴልማስ ጋስኪልን የባሕር ዳርቻው ሰው ሁሉ «ካፒቴን» ይለዋል እንጂ በሕይወቱ የመራት መርከብ የለችም። ጉልበቱ እስኪከዳው ድረስ ጀልባ ሲሠራ የኖረ አናጺ ነው። ማዕረጉን ያገኘው ወደ ባሕሩ ከገባው የእንጨት ድልድይ ላይ ነው። እዚያ መንጠቆውን ጥሎ ባዶ እጁን ሲመለስ አየሁት የሚል ሰው አልነበረም፤ እሱም ይህን ስሙን እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቀዋል።

በባሕር ላይ ለመዝናናት ዓሣ የሚያጠምድ ሁሉ ይመዝገብ የሚል የመንግሥት ትእዛዝ የመጣ ጊዜ ድልድዩ ላይ ጉምጉምታ ተነሣ። ነገሩ ለጥናት ነው ተባለ፤ አጥማጆቹ ስንት እንደያዙ እየተጠየቁ በባሕሩ ውስጥ የቀረው ዓሣ ይገመታል። ማን ይመን!

«ዛሬ ስምህን፣ ነገ ግብር» አለ ሩፈስ፣ የካፒቴን የልጅነት ጓደኛና የዕድሜ ልክ ተፎካካሪ።

«አንተን ደግሞ ማን ግብር ይጠይቅሃል? የምትይዘው ለድመትህ እንኳ አይበቃ!» አለው ካፒቴን። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ይህን ባሕር የሚያውቀው ማነው? ቢሮ የተቀመጠው ነው? እኛ ካልተናገርንለት ማን ሊናገርለት ነው? እኔ እመዘገባለሁ!» አለ።

ተመዘገበም። እሱ ከተመዘገበማ ብለው ሌሎቹ ተከተሉት፤ ሩፈስ እንኳ እያጉረመረመ ሄደ። ካፒቴን በዚህ ደረቱን ነፍቶ ከረመ፤ ቢነፋም ያምርበታል።

በመከር ወራት ግን የዚያ ዳርቻ ኩራት የሆነው ጠፍጣፋው ዓሣ ድራሹ ጠፋ። በድልድዩ ደንብ ሌላው ሰው የያዘውን ዓሣ የሚያኖርበትን የበረዶ ሳጥን ከፍቶ ማየት ነውር ነው። «እንዴት ነው?» ይባላል፣ «አይከፋም» ይመለሳል፣ አለቀ። ይህ ደንብ ካፒቴንን ሸሸገው። ማለዳ ይመጣል፣ ሳጥኑ ላይ ይቀመጣል፣ ሲመሽ ከባድ አስመስሎ ተሸክሞት ይሄዳል። ቤት ሲደርስ ሚስቱ ኢርሊን ክዳኑን ከፈት አድርጋ፣ «ዛሬም በረዶ ልጥበስልህ?» ትለዋለች። ምስጢሩን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች፤ ለማንም አልተነፈሰችም።

አንድ ቅዳሜ ታሚ የምትባል ወጣት የዓሣ መለኪያዋን በብብቷ ይዛ ከጥናቱ ቢሮ መጣች።

«የያዛችሁትን ልጠይቃችሁ ነው። ምንም ያልያዘም ይንገረኝ፤ እሱም እኩል ይቆጠራል» አለችና ከሩፈስ ጀመረች።

«አምስት» አለ ሩፈስ ዓይኑን በጨው ታጥቦ።

«ልለካቸው?»

«ሚስቴ ቅድም ወስዳቸዋለች።»

አጠገቡ የቆመው ከሩፈስ ላለማነስ ስድስት አለ። ከእሱ ቀጥሎ ያለውም ሰባት።

ካፒቴን ከማለዳ ጀምሮ አንድም የማጥመጃ ዘንግ ዓሣ ይዞ ሲጎብጥ አላየም። ልጅቷ የሰማችውን ይዛ ትሄዳለች፤ ባሕሩ ሞልቷል ይባላል፤ ዓሣው ማለቁን የሚያውቅ አይኖርም። ተመዝገቡ ብሎ ያስመዘገባቸው ደግሞ እሱ ነው። ባዶ ነኝ ማለትን ነውር ያደረገባቸውም እሱ፣ ክዳኑ ላይ የተቀመጠው ካፒቴን ነው። ይህ ሲገባው ፊቱ በሐፍረት ጋለ።

«እርስዎስ አባባ?» አለች ታሚ።

ካፒቴን ተነሣ። ሳጥኑን በሰው ሁሉ ፊት ከፈተው። ውስጡ በረዶ፣ አንድ ሳንድዊችና የውኃ ጠርሙስ ብቻ ነበር።

«ምንም» አለ። «ዛሬም፣ ትናንትም፣ መከሩን ሙሉ ምንም። ጻፊ ልጄ።»

ሩፈስ ሳጥኑን አየ፣ ጓደኛውን አየ፣ ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ያቺ ሳንድዊች ግን ትንሽ አታንስም? እንዳላደገ ዓሣ ወደ ባሕሩ መመለስ ነበረባት» አለ። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ሩፈስ ግን አልሳቀም። «ልጄ፣ የኔን አምስት ሰርዢው። ሚስቴም ከሞተች ቆየች።»

ስድስት ያለው ባርኔጣውን አውልቆ «የኔንም» አለ፤ ሰባት ያለውም አንገቱን ደፍቶ እጁን አወጣ። ታሚ ከመጀመሪያው ጀምራ ሁሉንም እንደገና ጠየቀች። ምንም፣ ምንም፣ ምንም።

ካፒቴን ትከሻዋን ነካ አደረጋት። «ስሜን ጽፈሻል?»

«ስም አያስፈልግም አባባ። ለእኛ ቁጥሩ ይበቃል።»

«ለእኔ ያስፈልገኛል። ከዚያ ዜሮ አጠገብ ዴልማስ ጋስኪል ብለሽ ጻፊ።»

እሷም ከወረቀቱ ዳር ጻፈችለት። ስሙን ጎንበስ ብሎ አነበበው፤ ያን ያህል የኮራበት ቀን አልነበረውም።

ሲመሽ በረዶውን ባሕር ውስጥ ደፋ፤ ሳጥኑን ክዳኑን እንደከፈተ በአንድ እጁ አንጠልጥሎ፣ በዋናው መንገድ መሃል ለመሃል ወደ ቤቱ ሄደ።