አባቴ የሆነችው ነጥብ

ጆንያ ሲሸተኝ እናቴ ትመጣብኛለች። ልጅ እያለሁ መቱ ገበያው አጠገብ በአንድ ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ቡና ትለቅም ነበር። ከያዮ ጫካና ከሁሩሙ በበቅሎ የመጣው ቡና ሰፌዷ ላይ ይፈስላታል፤ እሷ ጥቁሩን፣ የተነቀዘውንና ጠጠሩን እየለየች ትጥላለች። እኔ ከእግሯ ሥር ቁጭ ብዬ የጣለችውን እየሰበሰብኩ ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ በመወርወር እጫወታለሁ። ከሺህ ፍሬ መሃል አንዷ ብትበላሽ እናቴን አታመልጣትም ይሉ ነበር። ከለቃሚዎቹ የምትወዳደራት አዴ ጫልቱ ብቻ ነበረች፤ እሷም አፏ አያርፍም እንጂ ዓይኗስ ዓይን ነበር።

አባቴን፣ ደበበን፣ አላውቀውም። ጠላት በመጣ ጊዜ ሲዘምት እኔ ገና ጡት አልጣልኩም። የእነ አባቴ ጦር በአውሮፕላን እሳት አለቀ ተባለ፤ ደበበ ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ የሚል ግን አንድ ሰው አልተገኘም። ጠላት ወጣ፣ ንጉሡ ተመለሱ፣ የተረፈውም ወደየቤቱ ገባ፤ የኛ ሰው ወሬው የለም። እናቴ የነፍስ አባቷን ፍትሐት እንዲያደርጉለት ብትለምናቸው፣ "ያየ ሰው አምጪ፣ ልጄ። ቆሞ ለሚሄድ ሰው ፍትሐት እንዴት አደርጋለሁ?" አሏት። እንደዚያው ሆና ቀረች። ጥቁር አልለበሰች፣ ባል አላገባች። ሶር ወንዝ ልብስ ልናጥብ ስንወርድ ሴቶቹ፣ "ይሄኔ እኮ ከሌላይቱ ሦስት ወልዷል" እያሉ ያሽሟጥጣሉ። እሷ ድንጋዩ ላይ ነጠላዋን ታሻለች እንጂ ቀና አትልም። እኔ ግን እሰማ ነበር። ልጅ አይሰማም የሚል ሰው ልጅ ሆኖ አያውቅም።

ቡናው በጋመበት ሰሞን ታዲያ አንድ ፈረንጅ በጎሬ በኩል በመኪና መጣ። ጋሼ ታፈሰ የሚባል ኮት የለበሰ፣ ቀጭን፣ ሲናገር ድምፁ የማይሰማ አስተርጓሚ ይዟል። ፈረንጁ ፊልም አንሺ ነው፤ በጦርነቱ ጊዜ በጠላት አውሮፕላን ሆድ ውስጥ በደረቱ ተኝቶ ቦምቡ ሲወርድ ያነሳ ነበር አሉ።

"የጠላት ሰው ነዋ!" አለች አዴ ጫልቱ።

"የለም፣ ወገን የለውም። ሥራው ማንሳት ብቻ ነው" አለ ጋሼ ታፈሰ። "አሁን ደግሞ ያኔ ከታች የነበረውን ሰው ሊያነሳ ነው የመጣው።"

"ያኔ ትንሽ ጎንበስ ብሎ ቢያየን ኖሮ ዛሬ ይህን ሁሉ መንገድ ባልደከመ!" አለች አዴ ጫልቱ መልሳ።

ሴቶቹ ሳቁ። እናቴ አልሳቀችም። የሰማችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያየ ሰው መጣ።

በማግሥቱ ያኔ ከላይ ያነሳውን ሊያሳየን መጋዘኑን አጨለሙት። መስኮቶቹን በጆንያ ደፈኑ፤ ግድግዳው ላይ አቡጄዲ ዘረጉ፤ ውጭ ሞተር ይንደቀደቃል። እኛ ቡናው ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። እናቴ የአባቴን ጋቢ ከሳጥን አውጥታ በነጠላዋ ሥር ሸሽጋ ይዛ ነበር።

መጀመሪያ የታዩት አብራሪዎቹ ናቸው። ጢማቸውን ይላጫሉ፣ ይበላሉ፣ ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው ይስቃሉ። አንደኛው ሲጠቅሰን እኛ ልጆች በሳቅ ፈረስን። ከዚያ መሬቱ ከላይ መጣ፤ ወንዙ ክር አክሎ፣ እርሻው እንደተጣፈ ቡትቶ ሆኖ። ቦምቡ ወረደና ጭሱ ቀስ ብሎ እንደ አበባ ተከፈተ። ከመሃላችን አንድ ሰው "ሲያምር!" አለ። ማን እንደሆነ አላውቅም። እኔ እንዳልሆንኩ ተስፋ አደርጋለሁ።

ሰዎቹም ታዩ። ሰዎቹ ስል፣ ላይ ያሉት ፊት ነበራቸው፤ ታች ያሉት ነጥብ ናቸው፤ ሰፌድ ላይ የተበተነ ጥቁር ፍሬ።

እናቴ ብድግ ብላ ወደ አቡጄዲው ሄደች። "ሴትዮ፣ ቁጭ በይ፣ ጋረድሽን እኮ!" አሏት ከኋላ። እሷ ጣቷን ጨርቁ ላይ አሳርፋለች።

"ይሄ ነው! ደቤ ነው!"

"ሞኚት፣ የቱ?" አለች አዴ ጫልቱ።

"ይሄ! እዪው፣ ሌሎቹ ቀጥ ብለው ሲሮጡ እሱ ወደ ግራ ይስባል። በቅሎ ከረገጠችው ወዲህ ሲሮጥ እንዲህ ነው!"

ጭሱ ሸፈነው። ጭሱ ሲገለጥ ወደ ግራ የምትስበው ነጥብ የለችም። አዴ ጫልቱ "ያ ዋቃዮ! አምላኬ!" አለችና አፏ ላይ ነጠላዋን ያዘች።

በሩ ሲከፈት እናቴ ጋቢውን አውጥታ ፈረንጁ ፊት ቆመች። "ጠይቅልኝ፣ ጋሼ። ያ ወደ ግራ የሳበው ሲወድቅ በዓይኑ አይቷል?"

ጋሼ ታፈሰ ጠየቀላት። ፈረንጁ አጭር ነገር ተናግሮ፣ ሁለት ጊዜ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀና ፊልሙን ወደ መጠቅለሉ ዞረ። እኔ ከቀሚሷ ጀርባ ሆኜ ራሱን ሲነቀንቅ አየሁት፤ እናቴ ግን የምታየው የአስተርጓሚውን አፍ ነበር። ጋሼ ታፈሰ ጋቢውን ትንሽ አየና፣

"አይቶታል፣ እትዬ አስካለ" አለ። "ወዲያው ነው ያረፈው፤ አልተሰቃየም ይላል።"

ከዚያ እኔን አየኝ። አንዲት የአሥር ዓመት ልጅን አንድ ትልቅ ሰው እንደዚያ በዓይኑ ሲለምን አይቼ አላውቅም።

እናቴ ጎንበስ ብላ የፈረንጁን እጅ ሳመች። ያንን እጅ። ጋቢውን ታቅፋ ጩኸቷን ስትለቀው ለቃሚዎቹ ሁሉ ተነሡ፤ የዘጠኝ ዓመት ለቅሶ መጋዘኑን ሞላው። ይህን ጊዜ ነው ፈረንጁ የነቃው። እየተጣደፈ አንድ ነገር ተናገረ፤ ጋሼ ታፈሰ አንገቱን ደፋ።

"እዚህ ብርሃን የለም ይላል። ውጭ ወጥታችሁ... እንደገና ብታለቅሱለት።"

"ማል ጄዴ? ምን አለ? እንባችንን እንድንደግምለት?" አዴ ጫልቱ ምራቋን ተፋች።

እናቴ ግን ወጣች። "ያንሳኝ፤ ምስክር ይሁነኝ" አለች። ቡናው በተሰጣበት ሜዳ፣ በፀሐይ፣ ደግማ አለቀሰች። ፈረንጁ ተንበርክኮ እስከ አፍንጫዋ ቀረባት።

የነፍስ አባቷ አመኗት፤ ፍትሐቱም ተዝካሩም ሆነ። እሷ ጥቁር ለበሰች፣ ሌሊት እንቅልፍ ይወስዳት ጀመር። እኔ መጀመሪያ ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው፤ ኋላ ግን ስትተኛ አይቼ ነው። ትዳር ይዤ፣ ወልጄ፣ እሷን ቀብሬ፣ ይኸው እስካሁን ለማንም አልተነፈስኩም።

ያኔ ጦርነት ለማየት መጋዘን ማጨለም ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬ የልጅ ልጆቼ ራት እየበሉ ያዩታል። አሁንም ከላይ ነው የሚነሳው። "እማማ፣ የአሁኑ ጥራት አለው" ይሉኛል። ጠጋ ብዬ አያለሁ፤ ነጥቦቹ ያው ነጥብ ናቸው።

አንደኛው የልጅ ልጄ እንደነገረኝ ፈረንጅ የድሮ ፊልም አይጥልም፤ በቀዝቃዛ ቤት ቆልፎ ያስቀምጠዋል። እንግዲህ እናቴ እዚያ በፀሐይ ታለቅሳለች፤ ያም ሰውዬ ወደ ግራ እየሳበ ይሮጣል። አባቴ ከሆነ፣ ደግ። ካልሆነ ግን የሌላ ሴት ባል ነው። እሷ የት አገር፣ የየትኛው ወንዝ ዳር ሰው እንደነበረች አላውቅም። ምስክር አጥታ፣ ሳታለቅስ አርጅታ ሞታለች። የእሷን ሟች እኛ አልቅሰን ጨረስንባት።