የጉሉማ ግሪክኛና የጨመዳ ማሳ

ባሌ ጉሉማ ነቀምቴ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሂሳብ አስተምሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። አሁንስ አርፎ ይቀመጣል ስል በርቀት ትምህርት ግሪክኛ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሰላም የለውም። ምሳ አቅርቤለት ስለ ግሥ ያወራኛል፤ ጎረቤት ሊጠይቀን ቢመጣ መዝገበ ቃላቱን ይገልጥበታል። ልብ አድርቅ ነው፣ ምን ልበላችሁ!

ቅዳሜ ቅዳሜ የትንቢት ጥናት ይመራል። በጥናታችን ልማድ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጥቅስ በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ ይታደላል፤ ሰውየው ሳምንቱን ሙሉ በኪሱ ይዞ ይሸመድደዋል። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ለወንድሜ ለጨመዳ ስለ ጌታ መምጣት የሚናገረው ደረሰው። ወረቀቱ ጠባብ ስለነበር ጉሉማ የጥቅሱን ጭራ ብቻ ጻፈ፤ «የጌታ መምጣት ቀርቧል»። ጀርባው ላይ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ፣ «ግሪኩ ኤንጊኬን ይላል፤ ደጅ ላይ ደርሷል ማለት ነው» ብሎ ጨመረበት።

ጨመዳ ከነቀምቴ ወረድ ብሎ ኡኬ አጠገብ በቆሎ የሚያርስ ገበሬ ነው። ወረቀቱን በኪሱ ይዞ ሄደ፤ መዝራቱንም ተወው።

ግንቦት ሲጋመስ ሚስቱ የሺአረግ ዓይኗ በለቅሶ አብጦ ቤታችን መጣች።

«ኦቦ ጉሉማ፣ ዝናቡ ጥሎ፣ ማሳው ታርሶ ባዶውን ቀረ። ጨመዳ ዘሩን ለጎረቤት ላድል ነው ይላል። ልጆቼ ምን ሊበሉ ነው?»

ጉሉማ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? መዝገበ ቃላቱን አወረደ! ግሡ መቅረቡን እንጂ ቀኑን እንደማይናገር ሩብ ሰዓት ሙሉ አስረዳት። እሷ ታለቅሳለች፣ እሱ ገጽ ይገልጣል። ደሜ ፈላ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ!» ብዬ መጽሐፍ ቅዱሱን ከፊቱ አነሣሁና ለጨመዳ ከተሰጠው ጥቅስ አንድ ቁጥር ቀደም ብዬ ጀምሬ ጮክ ብዬ አነበብኩ። እዚያው ላይ ገበሬ አለ። የፊተኛውንና የኋለኛውን ዝናብ ታግሦ የምድሩን ፍሬ የሚጠብቅ ገበሬ። እናንተም እንደሱ ጠብቁ ይላል።

«ያልዘራ ገበሬ ታዲያ ምኑን ይጠብቃል?» አለች የሺአረግ።

ጉሉማ መነጽሩን አወለቀ። «ወረቀቱ አልበቃኝም ነበር» አለ ቀስ ብሎ። ሲያፍር ሳየው፣ እውነቱን ልናገር፣ አሳዘነኝ።

የዚያኑ ዕለት ሦስታችንም ኡኬ ወረድን። ጨመዳ ደጁ ላይ ተቀምጧል። ጉሉማ ተሳስቼ ነበር ሲለው፣ «ሶዳ፣ አማቼ፣ የትኛውን ጉሉማ ልመን? የቅዳሜውን ወይስ የዛሬውን?» አለው።

ጉሉማ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ የዘሩን ከረጢት አንሥቶ ማሳው ውስጥ ገባ። የሂሳብ መምህር ነው፣ መዝራት ከየት ይምጣለት! በቆሎውን እፍኝ እፍኝ እያደረገ አንድ ቦታ ይዘረግፈዋል። ጨመዳ ጥቂት ታግሦ አየው፤ ከዚያ ብድግ ብሎ ከረጢቱን ከእጁ ነጠቀው።

«አምጣ ወዲህ! ጌታ ዛሬ ቢመጣ እንኳ እንዲህ በተዘራ ማሳ ላይ እንዲያገኘኝ አልፈልግም።»