ልጄን የመለሰልኝ ጌታ ጭንቅላቴን አልቀየረውም

ቅዱሳን፣ እዚህ መድረክ ላይ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ግን ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር አልወርድም። ጌታ ይባረክ!

ያደግኩት ጢቾ ነው። አንዱን ሥራ ሳልጨርስ ሌላውን የምጀምር ልጅ ነበርኩ። ውሃ ቅጂ ስባል ጀሪካኑን ምንጩ ዳር ትቼ እመለሳለሁ። "ቀልበ ቢስ" ይሉኝ ነበር። አሰላ አግብቼ ስመጣ ስሙም አብሮኝ መጣ። ጌታን በስም እንጂ በሕይወቴ አላውቀውም ነበር።

አንድ ቀን ወጥ ጥጄ ሽንኩርት አነሰኝ። ሱቅ ብቅ ብዬ ልመለስ ወጣሁ። መንገድ ላይ ልብስ ሰፊዋን ሳይ የሰጠኋት ቀሚስ ትዝ አለኝ፤ ገባሁ፣ ወሬ ያዝኩ። ስመለስ ኩሽናው ተያይዟል፤ ልጄ ሜሮን ደግሞ ከጎኑ ባለው ክፍል ተኝታ ነበር! ጎረቤቴ ጫልቱ ጭሱ ውስጥ ገብታ አወጣችልኝ። ወገኖች፣ አንዲት ፀጉሯ አልተነካችም! ክብር ለስሙ ይሁን!

አማቴ እማማ ዘነበች ይህን ሰምተው ከዴራ መጡ። "ልጅቷን እኔው አሳድጋለሁ። ላንቺ ልጅ አይታመንም" አሉኝ። ባለቤቴም "እናቴ ልክ ናት" አለ። ሚኒባሱ ልጄን ይዞብኝ ቁልቁል ሲወርድ መናኸሪያው ውስጥ ቆሜ ቀረሁ።

ያኔ ጫልቱ መጣች። በኦሮምኛዋ "ኮቱ" አለችኝ፤ "ነይ እንጂ፣ ብቻሽን አታልቅሺ" ብላ እዚህ አዳራሽ አመጣችኝ። ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጌታን ተቀበልኩ። ሃሌ ሉያ!

አንዳንዶች "የመርሳት መንፈስ ነው" ብለው ጸለዩልኝ። በማግስቱ ግን ያው ቤቴን ክፍት ትቼ ወጣሁ። "ተፈውሻለሁ በይ፤ እምነትሽ ነው የጎደለው" አሉኝ። እምቢ አልኩ! የተቀበለኝ ጌታ እውነት ነው፤ በስሙ አልዋሽም!

ከጫልቱ ጋር ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሙ ስለ ልጅነቴ ብዙ ጠየቀኝና "እህቴ፣ ይሄ የትኩረት ችግር ነው። ስንፍናም አይደለም፣ እርግማንም አይደለም። ማስታወስ ያለብሽን ነገር ለጭንቅላትሽ ብቻ አትተዪው፤ ዓይንሽና ጆሮሽ ይርዱሽ" አለኝ። ወገኖች፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አልቅሼ አላውቅም!

ቁልፌን አንገቴ ላይ አሰርኩ። እሳት ሳላጠፋ ከኩሽና መውጣት ተውኩ። ስልኬ በየሰዓቱ እየጮኸ ያስታውሰኛል። ጠዋት ጠዋት ጫልቱ ሥራዋን ይዛ እኔ ጋ ትቀመጣለች፤ ሰው አጠገቤ ሲኖር የጀመርኩትን እጨርሳለሁ። ስጸልይ እንኳ ሐሳቤ ይሸሻል። እመልሰዋለሁ፤ ደግሞ ይሸሻል። ጌታ ግን እኔን መቀበል አልሰለቸውም!

አንዲት እናት "እምነት ያለው ሰው በስልክ ጩኸት አይኖርም" አሉኝ። "እናቴ፣ እርስዎ መነጽርዎን አውልቀው መጽሐፍ ቅዱስ ያንብቡልኝ፤ ያን ጊዜ እኔም ስልኬን አጠፋለሁ" አልኳቸው። አሜን በሉ እንጂ!

ከወራት በኋላ እማማ ዘነበች ሳይነግሩን መጡ። ሰነበቱ። ዓይናቸው ከእኔ አይነቀልም። አንድ ቀን ሽሮ እየሠራሁ ከውጭ ሰው ጠራኝ። እሳቱን አጥፍቼ ወጣሁ። ስመለስ እማማ ምድጃው አጠገብ ቆመዋል።

"እማማ፣ ልጄን ይመልሱልኝ" አልኩ። "ጭንቅላቴ ያው ነው፤ አልዋሽዎትም። አኗኗሬን ግን አይተውታል።"

ወደ ጠፋው ምድጃ ተመለከቱና "አይቻለሁ" አሉ። "ነገ አብረን ዴራ እንወርዳለን።"

ሜሮን ይቺውና፣ ከአያቷ አጠገብ! ጌታዬ ሆይ፣ ተመስገን!

ሐሳባችሁ የሚበተንባችሁ፣ ሐኪም ዘንድ መሄድ ክህደት የመሰላችሁ፣ አትፍሩ። መጀመሪያ ልስተካከልና ከዚያ እመጣለሁ አትበሉ። እኔን እንደተበተንኩ ነው የተቀበለኝ። እንደተበተናችሁ ኑና ታመኑት!