ጌታን የተቀበለው ዘፋኜ

ዘፋኝ የሚባል ፍጥረት ዓይኔ አይየው። ግጥሙን እኔ እጽፋለሁ፣ ዜማውን እኔ እሠራለሁ፤ እሱ ጥቁር መነጽር ሰክቶ ወንጪ ሐይቅ ዳር ፈረስ ላይ ይወጣና «ሥራዬ» ይላል። ኤዲያ!

ለሰው ዘፈን መስጠት ሲሰለቸኝ አምቦ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየሁ፣ ግድግዳዋ ላይ የእንቁላል ካርቶን ለጠፍኩና ስቱዲዮ አልኳት። ፕሮዲውሰር ሆንኩ። ከባኮ የመጣ አንድ ለግላጋ ልጅ ስይዝ ደግሞ ማናጀርም ሆንኩ። ማናጀር ማለት ሞግዚት ማለት ነው። ጸጉሩን ሊስተካከል ሲሄድ እንኳ «እህቴ፣ እንዴት ልቆረጠው?» ብሎ ይደውልልኛል። ዜማ አይያዝለትም፤ መጀመሪያ በራሴ ድምፅ ቀርጬ እሰጠዋለሁ፣ እሱ እንደ በቀቀን ይደግማል። ያም ሆኖ አንድ የፍቅር ዘፈናችን ዩቲዩብ ላይ ወጣና ከጊንጪ እስከ ባኮ ሰርግ ቤቱን ሁሉ አዳረሰ።

ከአባቴ ቤት በቀር። እኛ ቤት ጴንጤ ነን፤ አባቴ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው። በልጅነቴ ኳየር ውስጥ ስዘምር ይኮራብኝ ነበር። ዘፈን መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ ግን አንድም ሥራዬን ሰምቶ አያውቅም፤ ጎረቤት ከከፈተው መስኮቱን ይዘጋል። እኔም ግድ የለኝም እያልኩ እፎክራለሁ። ውሸቴን ነው። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ቁጭ ብሎ እንዲሰማኝ እመኝ ነበር።

ዘፋኜ ገበያ ሲቀዘቅዝበት ጌታን ተቀበለ። እሰየው፣ ይቀበል! ግን የኔኑ የፍቅር ዘፈን ዜማ ይዞ፣ ፍቅረኛዋን አውጥቶ ጌታን አስገብቶ፣ መዝሙር ብሎ አወጣው። ቤት እንኳ አይመታም። ከዚያ ዓይኑን በጨው ታጥቦ «ዜማውን መንፈስ ነው የሰጠኝ» እያለ በየኮንፈረንሱ ይመሰክራል። እኔ ነኛ መንፈሱ!

አንድ እሁድ አባቴን ልጠይቅ ሄጄ ተቀምጬ ሳለሁ፣ እሱ ያንን ዜማ እያንጎራጎረ ከቤተ ክርስቲያን ገባ። ያ ዘፋኜ እነሱ ዘንድ መጥቶ ዘምሮ ኖሯል። የአባቴ ዓይን ቀልቷል፤ አልቅሷል ማለት ነው።

«ኢንተላ ኮ» አለኝ። ልጄ ማለቱ ነው፤ እንዲህ ከጠራኝ ዓመታት አልፈዋል። «ይሄን ልጅ ተመልከቺ። ተሰጥኦውን ለማን እንደሰጠ አየሽ? አንቺስ?»

ቆሽቴ አረረ። ስልኬን አወጣሁና ያኔ በራሴ ድምፅ የቀረጽኩትን ከፈትኩለት። ጥሎኝ ይወጣል ብዬ ነበር። አልወጣም። አንገቱን ደፍቶ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ልቤ በደስታ ልትፈነዳ ደረሰች።

«ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው፣ አባ። ሰርቆኝ ነው።»

«ያምራል» አለ። ቀጥሎም «እኔ ግን ከእንግዲህ አልዘምረውም» አለኝ።

ያ ቀጣፊ ዛሬም እየዞረ ይዘምረዋል፤ ጉባኤውም እጁን ወደ ላይ አንስቶ ይቀበለዋል። አባቴ ብቻ በመካከላቸው አፉን ዘግቶ ይቆማል።