ቀለበቱ ላይ የተጠመጠመው ክር

በመጀመሪያ የሥራ ቀኔ የነርሶቹ አለቃ ሜትረኗ አንድ ቁልፍ፣ አንድ ነጭ ጋውንና አንድ የቁም ሚዛን አስረከቡኝ። “በሩ ላይ ምን ብለን እንጻፍልህ?” ብለው ጠየቁኝ። እስከዚያ ዕለት ድረስ ወሎ ሰፈር አጠገብ ባለው በዚያው የግል ሆስፒታል የሕሙማን ምግብ በትሪ አመላላሽ ነበርኩ። ዘጠናዎቹ እየገቡ ነበር። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም። ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ የገዛኋቸውን ሁለት የሥነ ምግብ መጻሕፍት በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ አንብቤ፣ ለስኳር ሕሙማን የምግብ ሰንጠረዥ ሠርቼ ለሐኪሞቹ አሳይቼ ነበር፤ ሥራውን ያገኘሁት በዚያ ነው። በሩ ላይ “ምግብና ክብደት” ተብሎ ተጻፈ።

መጻሕፍቱ ስለ ድንችና ስለ ዳቦ እንጂ ስለ እንጀራ አይናገሩም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሳምንት እንጀራ ስመዝን ከረምኩ፤ አሥር ከወጥ ቤታችን፣ አሥር ከአካባቢው ምግብ ቤቶች። ሽሮ ውስጥ የሚገባውን ዘይት በሾርባ ማንኪያ ለካሁ። የጾም ወጥ ከፍስኩ ይልቅ ዘይት የሚበዛበት ቀን እንዳለ ያወቅሁት ያኔ ነው። ሁሉንም ደብተር ላይ አሰፈርኩ።

ታካሚዎቼ አብዛኞቹ በዕድሜ የሚበልጡኝ ሴቶች ነበሩ። ልብስዎን ያውልቁ ማለት ነውር መሰለኝ። ጫማ ብቻ አስወልቄ፣ ሚዛኑ ካሳየው ላይ ለልብስ አንድ ኪሎ ተኩል እቀንስ ነበር። ቁጥሩን ያገኘሁት የእህቴን ቀሚስና ሹራብ መዝኜ ነው።

እትዬ አስካለን የላከልኝ ቀዶ ሐኪማችን ዶክተር ግርማ ነው። ወሎ ሰፈር የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ያላቸው፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። እምብርታቸው ላይ ሄርኒያ፣ አንጀት የሚሾልክበት እብጠት፣ ወጥቶ ነበር። “አንጀት ይዞ ከታነቀ ይገድላቸዋል” አለኝ ዶክተሩ። “ግን ዘጠና ስድስት ኪሎ ናቸው። ሰማንያ ስምንት ካልደረሱ የማደንዘዣው ባለሙያ አይነካቸውም። እኔ ደግሞ ከአራት ወር በኋላ ለትምህርት ውጭ ልሄድ ነው። አውርድልኝ።”

እትዬ አስካለ ወንበሩ ላይ ሳይደላደሉ፣ “ልጄ፣ እኔ እኮ እምብዛም አይበላልኝም” አሉ።

“የማይበላልዎት በቀን ስንት እንጀራ ነው?”

ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። “ሦስት።”

አንድ ተኩል እንጀራ፣ በቀን ሁለት ማንኪያ ዘይት፣ ጠዋት ጠዋት እስከ ሩዋንዳ ሰፈር በእግር ደርሶ መመለስ ብለን ተስማማን። በየሁለት ሳምንቱ ይመዘናሉ። ጣታቸው ወፍራም ስለነበር፣ “የጋብቻ ቀለበት ሥጋ ውስጥ ገብቷል፤ አይወልቅም” ብዬ መዝገባቸው ላይ ጻፍኩ። እንዲህ ያለውን ነገር መጻፍ ልማዴ ነው።

በሁለት ወር ዘጠና አንድ ተኩል ደረሱ። ከዚያ ቆመ። በአምስተኛው ቀጠሮ ዘጠና አንድ ተኩል። በስድስተኛውም፣ በሰባተኛውም ያው።

“ይዋሹሃል” አለ ዶክተር ግርማ። “ከሱቁ ጀርባ ክትፎ ቤት አለ። ለማንኛውም የፊታችን ማክሰኞ የመጨረሻው ነው። ካልወረዱ ስማቸውን ከቀዶ ጥገናው ዝርዝር አወጣለሁ።”

እኔም ጠርጥሬ ነበር። ማክሰኞ ዕለት ሚዛኑ ያንኑ ቁጥር ሲያሳየኝ አልቻልኩም። “እትዬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ሌላ የሚበሉት አለ?” አልኳቸው።

ፊታቸው ተለወጠ። “ባል ቀብሬ፣ ልጅ አሳድጌ፣ አሮጌ ፍሬን አዲስ ነው ብዬ ለአንድ ሹፌር ያልሸጥኩ ሴትዮ፣ በቁራሽ እንጀራ ልዋሽህ?” ብለው ቦርሳቸውን ለማንሳት እጃቸውን ዘረጉ።

ያን ጊዜ ቀለበቱን አየሁ። ነጭ ክር ተጠምጥሞበታል።

“ይሄን ክር መቼ አደረጉት?”

“እየወለቀ ሲያስቸግረኝ ነዋ! አሁን በኔ ቀለበት ምን አገባህ?”

ጣት ከስቶ ሰውነት ባለበት አይቆምም። ነርሷን ሲስተር ፅጌን ጠርቼ፣ እትዬን መጋረጃ ውስጥ የሕሙማን ጋውን አልብሳ እንድታወጣልኝ ለመንኳት። እትዬ አንገራገሩ፤ በኋላ ገቡ።

“ኧረ እትዬ፣ ይሄ የመርካቶ ልባሽ ቦንዳ ነው እንዴ?” የሚል የሲስተር ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ልብሱን በመጋረጃው ላይ ታቀብለኝ ጀመር። ሹራብ። ቀሚስ። ሌላ ቀሚስ። ሦስተኛ ቀሚስ። ወፍራም የውስጥ ጉርድ። በመጨረሻ ወገባቸው ላይ ተጠምጥሞ የነበረ ጋቢ።

“ምን ላድርግ?” አሉ እትዬ ከውስጥ፣ ድምፃቸው ወርዶ። “ሱቄ በር ላይ ያለፈው ሁሉ ‘አስካለ ምነው ከሳሽ’ ይለኛል። ባሌ ታሞ ነው የሞተ። በዚህ ዘመን የከሳን ሰው ሁሉ ‘ኤድስ ይዞት ነው’ እንደሚሉት አታውቅም? ልጄን ለልጁ ሊያጭ ሽማግሌ የላከ ቤተሰብ አለ። እነሱ ጆሮ ቢደርስስ? በከሳሁ ቁጥር አንድ እየደረብኩ ወጣሁ።”

“ለምን አልነገሩኝም?”

“ምን በሉ እንጂ ምን ለበሱ ብለኸኝ ታውቃለህ?”

በጋውን ብቻ ሚዛኑ ላይ ወጡ። የሚዛኑን ተንሸራታች ክብደት ሰማንያ ስምንት ላይ አደረግሁት፤ ዘንጉ ወደ ታች ወደቀ። ወደ ሰማንያ ሰባት ተኩል መለስኩት፤ ዘንጉ ቀጥ አለ። ልብሱን ለብቻው መዘንኩ፤ አምስት ኪሎ ተኩል፤ እኔ የቀነስኩለት አንድ ተኩል ብቻ ነበር። ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ። ሲስተር ፅጌ እልል አለች።

ዶክተር ግርማ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበ። “ታዲያ የዋሸው ማን ነው?”

“የኔ አንድ ኪሎ ተኩል” አልኩት።

በሳምንቱ ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። እትዬ ከሆስፒታሉ ሲወጡ አንድ ነገር ጠየቁኝ። “የከሳሁት በሐኪም ትእዛዝ እንደሆነ ጻፍልኝ። ማኅተሙ ደመቅ ይበል።” ጻፍኩ፤ ዶክተር ግርማ ፈረመበት፤ ሜትረኗ ማኅተሙን ሁለቴ መቱበት።

ከወር በኋላ በሱቃቸው በር አለፍኩ። ወረቀቱ በመስታወት ተደርጎ ከንግድ ፈቃዱ ጎን ተሰቅሏል። አንድ ሹፌር፣ “እትዬ፣ ምነው ከሱ?” አላቸው። እትዬ አንድ ቀሚስ ብቻ ለብሰው ቆመዋል። በጣታቸው ወደ ግድግዳው አመለከቱት፤ ከዚያ ስንት የሞተር ካንዴላ እንደሚፈልግ ጠየቁት። ጣታቸው ላይ ክሩ የለም፤ ቀለበቱን አንጥረኛ አጥብቦላቸዋል። ልጃቸውን በጥር ዳሩ።

ከዚያ ማክሰኞ ጀምሮ ማንንም ያለ ሕሙማን ጋውን መዝኜ አላውቅም። ነውሩን ሲስተሮቹና መጋረጃው ይችሉታል። ቁጥር አልወርድ ካለ መጀመሪያ የሚመረመረው አመዛዘኑ ነው፤ ታካሚው ከዚያ በኋላ ይጠየቃል።