የፈራ ይቅረጽ

አጎቴን ጋሼ ነበር የምንላቸው። መቱ ውስጥ የትምህርት ቤት ልጆችን ሰብስበው፣ ባለቀ ነጠላ ጫማ ሶል ላይ ሥዕል መቅረጽና ቀለም ቀብቶ ወረቀት ላይ ማተም ያስተምሩ ነበር።

ልጄ ስምንት ዓመቷ ሳለ በትንሽ ቢላዋ ስትቀርጽ አየሁና ሮጬ ቀማኋት።

"ጋሼ፣ እጇን ብትቆረጥስ?"

"ኮቱ" ሲሉ በኦሮምኛ ጠሩኝ፤ "ነይ ቁጭ በይ። የፈራ ይቅረጽ" አሉና ለእኔም ሶል ሰጡኝ። ፈርቶ ልጁን ሊወስድ የመጣን ወላጅ ሁሉ የሚቀበሉት እንዲህ ነበር።

የቡና ቅጠል ልቀርጽ ስል ጣቴን ቆረጥኩ። ልጄ ሳቀችብኝ።

"እማዬ፣ ቢላዋውን ወደ ራስሽ አትሳቢው እንጂ! ወደ ውጭ ግፊው!"

የእሷ እጅ ደህና ነበር።

ሥዕሎቹ ለወላጆች በታዩበት ቀን ጋሼ የእኔንም ከልጆቹ መካከል ሰቀሉት። ከየሥዕሉ ሥር ስምና ክፍል ይጽፉ ስለነበር፣ ከእኔ ስም ቀጥሎ "አራተኛ ክፍል" ብለው ጻፉ፤ ትምህርት ያቋረጥኩት እዚያ ነው። አፈርኩ፤ ግን ያውርዱት አላልኩም።

ጋሼ ካረፉ አምስት ወር ሆነ። ልጆቹ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ይሰበሰባሉ። ባለፈው ቅዳሜ አንዲት እናት መጥታ ልጇን ከሥራው ላይ ጎትታ አስነሳችው። "የፈራ ይቅረጽ" ብሎ ሶል የሰጣት ሰው አልነበረም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ መንገድ ለቀቅኩላት።