አብሽሪ የምትለዋ ገጽ

የሕፃናት የሥዕል መጽሐፍ እጽፋለሁ፣ እሥላለሁም ስል ብዙ ሰው «እሱማ ቀላል ነው፤ ጽሑፉ ሦስት መስመር አይደል?» ይለኛል። መልስ መስጠት ካቆምኩ ቆየሁ። ገጹ ላይ ያሉት ቃላት በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ አንዷ እንኳ ያለ ሥራ ከተቀመጠች ያስታውቃል። ሥዕሉ የተናገረውን ቃሉ ከደገመው ልጆቹ ይሰለቻሉ። ይህን የተማርኩት ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ባለው ቤታችን መስኮት ሥር ተቀምጬ፣ ብዙ ወረቀት ቀድጄ ነው።

ጣጣ ያመጣብኝ መጽሐፍ የአንዲት ትንሽ ባጃጅ ታሪክ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትሄድ ሐረጎ ላይ ጉም ይውጣታል፤ ቁልቁለቱ አይታያትም፤ ፈርታ ትቆማለች። አንድ ያረጀ የጭነት መኪና ከኋላዋ ይደርስና «አብሽሪ» ይላታል። ገጹ ላይ ሌላ ቃል የለም። ቃሏንም በኮምፒውተር ፊደል አላስገባኋትም፤ ከመኪናው መብራት ጋር አብራ እንድትወጣ ጉሙ ላይ በብሩሽ፣ በቢጫ ቀለም ጻፍኳት።

ሊያትምልኝ የተስማማው አዲስ አበባ ያለ አሳታሚ ነበር። አርታኢው በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ፣ ትሑት ሰው ናቸው። የመጀመሪያ መጽሐፌ ስለሆነ እሳቸው በደወሉ ቁጥር ልቤ ይመታል።

«ሁሉም ደስ ይላል» አሉኝ አንድ ቀን። «ይቺን አብሽሪን ብቻ አይዞሽ አድርጊያት። ከወሎ ውጭ ያለ ልጅ አይገባውም። ደግሞ የአንድ ሃይማኖት ቃል ትመስላለች፤ ቅር የሚለው ወላጅ አይጠፋም።»

ሳቄ መጣ። እኛ ቤት ጴንጤዎች ነን። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ መዘምራን ውስጥ የኖረች ሴት ናት፤ በዚህ ቃል ያሳደገችኝም እሷው ናት። ፈተና ልገባ ስል አብሽሪ፣ መርፌ ልወጋ ስል አብሽሪ። ደሴ ላይ ቃሉ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው አላጋጠመኝም።

«ጋሼ፣ ብሥራት የማን ቃል ነው?» አልኳቸው።

«የመጽሐፍ ቅዱስ ነዋ!»

«አብሽሪ እኮ እህቷ ናት፤ የምሥራች ማለት ናት። አንዷ በግዕዝ መጣች፣ አንዷ በዐረብኛ። እናታቸው አንድ ናት።»

«ነገረኛ ነሽ» ብለው ሳቁ። ሐሳባቸውን ግን አልቀየሩም።

ግትር መባል አልወድም፤ ግትር መሆኔን ግን አልክድም። ቢሆንም እሳቸው ያሉትን ሞከርኩ። ያንኑ ገጽ በሌላ ወረቀት ላይ ለአይዞሽ ብዬ ሣልኩት። እምቢ አለኝ። አይዞሽ የሚል ሰው ዓይኑን የሚጥለው በተጎዳው ሰው ላይ ነው፤ ስለዚህ የመኪናውን መብራት ወደ ባጃጇ አዞርኩት። መኪናው ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው መሰለ። አብሽሪ የሚል ግን ገና ያልመጣውን ደስታ እሱ አይቶታልና ወደፊት ነው የሚያየው። የእኔ መኪና የሚያበራው ቁልቁል፣ የኮምቦልቻ ጣሪያዎች በጉሙ ቀዳዳ ብልጭ ወደሚሉበት ነው። ቃሉን መቀየር ማለት መብራቱን ማዞር ነበር፣ መብራቱ ከዞረ ደግሞ ባጃጇ የምትሄድበት የላትም።

ዋናዎቹ ሥዕሎች አሳታሚው ዘንድ ስለነበሩ የመጽሐፉን ቅጂና አዲሱን ገጽ ይዤ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ታላቅ እህቴ እዚያ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ትሠራለች፤ የተከራየችበት ግቢ ከቅርቡ ከሐርቡም ከሩቅ አገርም በመጡ ሠራተኞች ልጆች የተሞላ ነው። ደጃፏ ላይ ሰበሰብኳቸውና መጀመሪያ የአይዞሽን አነበብኩላቸው። «ተጋጨች እንዴ?» አለ አንዱ። «አሟት ነው?» አለች ሌላዋ። ለባጃጇ ከልባቸው አዘኑላት፤ ቀጥሎ ምን ሆነ የሚል ግን ጠፋ።

ከዚያ የራሴን አወጣሁ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው ልጅ ቤተሰቧ ከደቡብ የመጣው በቅርቡ ነው፤ አማርኛ እንኳ ገና እየለመደች ነበር። «አብሽሪ» ብዬ ሳነብ ትርጉሙን አልጠየቀችኝም። መብራቱን በጣቷ ተከትላ እስከ ገጹ ጠርዝ ሄደች፤ ጠርዙ ላይ ስትደርስ ራሷ ገለጠችው። ብድግ ብዬ ልስማት ምንም አልቀረኝም።

እዚያው ሆኜ ለአርታኢው ደወልኩ። በትዕግሥት አዳመጡኝ። «የአንድ ግቢ ልጆች ናቸው» አሉ። «እኔ የማትመው ለሀገር ነው። አይዞሽ ካልሆነ አናትመውም፤ የመጨረሻ ቃላችን ነው።» ስንት ጊዜ የተመኘሁት ነገር ከእጄ ሊወጣ መሆኑ ታወቀኝ።

«እንግዲያው ሥዕሎቼን ይላኩልኝ፣ ጋሼ» አልኩ።

«አብደሻል!» አለች እህቴ ከጓሮ።

ቤት ገብቼ እናቴ ፊት አለቀስኩ። በማግስቱ ግን ደሴ ወዳለ አንድ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ ሥዕሎቹን በስልኬ አየና «በጥቁርና ነጭ ከሆነ እሠራልሻለሁ፤ ማሽኔ ባለቀለም አያወጣም» አለኝ። ይህ ማለት ሁሉንም እንደ አዲስ መሣል ነው። ቢጫ ቀለም በሌለበት መብራት ጉም ውስጥ እንዴት እንደሚታይ አላውቅም ነበር። እሺ አልኩት።

ሥዕሎቹ በአውቶቡስ ተልከው መጡ። ፖስታውን ስከፍት የሐረጎው ገጽ ላይ ቁራጭ ወረቀት ተለጥፏል፤ በኮምፒውተር ፊደል «አይዞሽ» ይላል። አርታኢው እንዴት እንደሚሆን ለማየት ለጥፈውት ይሆናል። ጥጥ በሞቀ ውሃ ነክሬ ከጥጉ ጀምሬ ቀስ እያልኩ ላጥኩት። ቁራጩ ሲነሣ የእኔ ቀለም አብሮት ተነሣ፤ ቃሏ በነበረችበት ባዶ ወረቀት ቀረ። በጣም ተናደድኩ። ሥዕሉን ቀድጄ ልጥለው አነሣሁትና በመስኮቱ ብርሃን አየሁት። በዚያ ሁሉ ግራጫ ጉም መካከል የሚያበራው የተላጠው ቦታ ብቻ ነበር።

አዲስ ወረቀት ዘረጋሁ። ጉሙን ዙሪያውን በጥቁር ቀባሁና የአብሽሪን ፊደላት ቀለም ሳላስነካቸው ነጭ ተውኳቸው። አሁን ፊደላቱ ከመኪናው ራሱ ይገዝፋሉ፤ ጉሙ ውስጥ መብራቱ እነሱ ናቸው።